በወዝና በአመድ መካከል፦ ፋውንዴሽንና የፊት ማስክ በወዛም ቆዳ ላይ ምን ይሠራሉ?

አማርኛ የሰውን ፊት የሚገልጽባቸው ሁለት ተቃራኒ ቃላት አሉት። የደላውና ጤናው የተጠበቀ ሰው ፊት «ወዝ አለው» ይባላል፤ የበጋ ነፋስ የመታውና ቅባት የራቀው ቆዳ ደግሞ «አመድ መሰለ» ይባላል። ይሁን እንጂ ወዙ ከመጠን አልፎ ግንባርንና አፍንጫን ሲያብለጨልጭ ምስጋናው ወደ ጭንቀት ይለወጣል። ጭንቀቱ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ጎልቶ ይታያል፤ የወዝ መብዛት የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነውና።

በጎንደር ከተማ፣ በፒያሳም ሆነ በማራኪ፣ ወደ መዋቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ የገባ ወጣት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት መፍትሔ ይቀርብለታል። አንደኛው ቆዳውን የሚሸፍነው ፋውንዴሽን ሲሆን ሁለተኛው ወዙን ይመጣል የሚባለው የፊት ማስክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምርቶችን ስም እየጠራን ደረጃ አናወጣም። ወዛም ፊት ለምን እንደሚያብለጨልጭ በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን፤ ይህን የተረዳ ሰው አንድ ምርት ምን ሊሠራለት እንደሚችልና ምን ሊሠራለት እንደማይችል በራሱ መፍረድ ይችላልና።

ወዝ ምንድን ነው? ምን ያህልስ ነው?

ወዝ በፀጉር ሥር አጠገብ ከሚገኙ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚመነጭ ቅባት ነው። በፊት ቆዳ ላይ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ400 እስከ 900 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ይገኛሉ። ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ከሌላው የፊት ክፍል ቀድመው የሚያብለጨልጩት ዕጢዎቹ በእነዚህ ቦታዎች ስለሚበረክቱ ነው። ዕጢዎቹ በዋናነት የሚታዘዙት አንድሮጅን ለተባሉ ሆርሞኖች ነው። በመሆኑም ወዛም መሆን ከንጽሕና ጉድለት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ፊትን ደጋግሞ በሳሙና መፈተግም ዕጢዎቹን አያዘገያቸውም። የቆዳ ሙቀት ግን ይነካቸዋል፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሚወጣው ወዝ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

መጠኑን እናስላ። በግንባር ላይ በተደረጉ ልኬቶች አማካይ ቆዳ በ3 ሰዓት ውስጥ በ10 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ግራም ያህል ወዝ ያወጣል፤ ወዛም የሚባለው ቆዳ 1.5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ያወጣል። የወዝን እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.9 ግራም ብንወስድ፣ አማካዩ ቆዳ ከታጠበ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚለብሰው የቅባት ስስ ሽፋን ውፍረቱ 1.1 ማይክሮ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ስድሳ ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። የፊታችንን ስፋት 350 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብንል፣ ፊት ሁሉ እንደ ግንባር ቢወዛ እንኳ በ3 ሰዓት የሚጠራቀመው ወዝ 35 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ጠብታ ዘይት ያህል ነው። ይህን ያህል የሚያሳስበን ነገር ሁሉ ያለው በአንዲት ጠብታ ውስጥ ነው።

ወዝ ለምን ያብለጨልጫል?

ብርሃን ከአየር ወደ ሌላ አካል ሲገባ ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የሚመለሰውን ድርሻ የሚወስነው የአካሉ ስብረት ቁጥር ነው፤ ይህም ብርሃን በአካሉ ውስጥ ከባዶ ሕዋ ይልቅ ስንት እጥፍ ቀስ ብሎ እንደሚጓዝ የሚያመለክት ቁጥር ነው። የአየር ስብረት ቁጥር 1.00፣ የወዝ 1.47 ገደማ፣ የቆዳ የላይኛው ደረቅ ሽፋን ደግሞ 1.55 ገደማ ነው። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ የሚንጸባረቀውን ድርሻ ለማግኘት ከስብረት ቁጥሩ ላይ 1 እንቀንሳለን፤ የተገኘውን በስብረት ቁጥሩና በ1 ድምር እናካፍላለን፤ ውጤቱንም በራሱ እናባዛለን። በዚህ ስሌት ደረቅ ቆዳ 4.7 በመቶ፣ በወዝ የተሸፈነ ቆዳ ደግሞ 3.6 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ከላዩ ያንጸባርቃል።

ውጤቱ ብዙዎች ከሚጠብቁት ተቃራኒ ነው። ወዛም ፊት ከገጹ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ከደረቅ ፊት በጥቂቱ ያንሳል! ታዲያ ብልጭታው ከየት መጣ?

መልሱ ያለው በገጹ ልስላሴ ላይ ነው። በጎርጎራ ዳርቻ ቆሞ ጣና ሐይቅን በማለዳ የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል። ውኃው በረጋ ጊዜ ፀሐይ አንዲት ዓይን የምትወጋ ብልጭታ ሆና ትታያለች፤ ነፋስ ሞገድ ሲያስነሳ ያው ብርሃን በሐይቁ ላይ ተበትኖ ይለዝባል። ቆዳም እንዲሁ ነው። ወዝ ሳይኖር የቆዳው ጥቃቅን ስንጥቅና ጠርዝ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የወዙ ስስ ሽፋን ጥቃቅኖቹን ጎድጓዶች ሲሞላቸው ግን ገጹ ይለሰልስና ያው ጥቂት ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ ይመለሳል። ብርሃኑ አግድም ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ከቀጥታው 80 ዲግሪ አዘንብሎ የመጣ ብርሃን 38 በመቶ ያህሉ ከወዙ ላይ ይንጸባረቃል። የማታ ፀሐይና ከጎን የበራ አምፖል ፊትን ይበልጥ የሚያብለጨልጩት ለዚህ ነው።

አሁን «አመድ» የሚባለውን እንይ። በደረቅ ቆዳ ላይ የረገፉና ሊረግፉ የተቃረቡ ቅርፊቶች ይነሣሉ፤ በመካከላቸውም አየር ይገባል። ብርሃን በቅርፊትና በአየር መካከል ደጋግሞ እየተንጸባረቀ ይበተናል፤ ነጣ ያለውን የአመድ መልክ የሚፈጥረውም ይኸው ነው። ቫዝሊን ስንቀባ አመዱ ወዲያው የሚጠፋው ቅርፊቱ ስለተወገደ ሳይሆን በአየሩ ቦታ ቅባት ስለገባ ነው። ስለዚህ ወዝና አመድ የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች ናቸው፤ የምንፈልገው መልክ ያለው በመካከላቸው ነው።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ሁለቱም ጎልተው ይታያሉ። ከቆዳው ውስጥ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን ሜላኒን ስለሚውጠው፣ ከላይ የሚንጸባረቀው ጥቂት ብርሃን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳለ ጠመኔ ይለያል። ብልጭታው ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ቆዳ የበለጠ ስለሚወዛ አይደለም።

ፋውንዴሽን፦ ብርሃንን የሚበትን ዱቄት

ፋውንዴሽን በመሠረቱ በፈሳሽ ወይም በቅባት ውስጥ የተበተነ ዱቄት ነው። በውስጡ ሦስት ዓይነት ዱቄት ይገኛል። የመጀመሪያው ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን ስብረት ቁጥሩ 2.7 ያህል ነው። ሁለተኛው ቀለም ሰጪው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ይገኛል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤ ለውሰው የሚያስውቡበት ቀይ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከዚሁ የብረት ኦክሳይድ ነው። ሦስተኛው እንደ ታልክ፣ ካኦሊንና ሲሊካ ያለው ወዝ የሚመጥና ገጹን የሚያሻክር ዱቄት ነው። ለወዛም ቆዳ በተዘጋጀ ፋውንዴሽን ውስጥ የሚበዛው ይህ ሦስተኛው ነው።

ዱቄቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ነፋስ በሐይቁ ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ ገጹን አሻክሮ ብልጭታውን ይበትናል፤ በሌላ በኩል በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ወዙን ይመጣል። ሥራው ግን የሚቆየው ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው። ፓስቲ ወይም ሳምቡሳ የተጠቀለለበትን ወረቀት እናስታውስ። ነጭ የነበረው ወረቀት ዘይት ሲነካው ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል የነበረውን አየር ዘይት ስለተካው የብርሃኑ መበተን ይቀንሳልና። የሲሊካ ስብረት ቁጥር 1.46፣ የወዝ 1.47 ነው። በወዝ የራሰ የሲሊካ ዱቄት ከዓይን የተሰወረ ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው። ጠዋት የተቀባ ፋውንዴሽን ከሰዓት በኋላ መልሶ ቢያብለጨልጭ እንግዲህ የግድ ምርቱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ዱቄቱ መጥጦ ጠግቧል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ክስተት አለ። ፋውንዴሽን ከተቀባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠቆር ይላል። ዝናብ ያራሰው አፈር ከደረቁ ይልቅ እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ወዝ ያራሰው ዱቄትም ብርሃን መበተኑ ስለሚቀንስ ጠቁሮ ይታያል። ስለሆነም የፋውንዴሽንን ቀለም በተቀባበት ቅጽበት መፍረድ አይገባም።

ቀለሙ ለምን አመድ ያስመስላል?

ብዙ እህቶቻችን ፋውንዴሽን ከተቀቡ በኋላ ፊታቸው ግራጫ ሆኖ መታየቱን ያማርራሉ። ምክንያቱ በአብዛኛው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። የዚህ ዱቄት ቅንጣት ከ200 እስከ 300 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ ማለትም የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ነጭ ብርሃንን እጅግ በኃይል ይበትናል። ቅንጣቱ ከዚያ ሲያንስ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ይበትናል፤ ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገውም ተመሳሳይ ሂደት ነው። ይህ ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን በቡናማ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግራጫ መልክ ይሰጣል። ፈውሱ ነጩ ተቀንሶ የብረት ኦክሳይዱ ከፍ ያለበት፣ ለጠይም ቆዳ የተቀመመ ፋውንዴሽን ነው።

እንዲህ ያለው ምርት በዓለም ገበያ በስፋት የቀረበው ዘግይቶ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቲ ላውደር የተባለው ታላቅ የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ወኪል ገጽታ ሆና ተመረጠች፤ በዚያን ጊዜ ኩባንያው ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ፌንቲ ቢዩቲ በ40 የቀለም ደረጃዎች ፋውንዴሽን ይዞ ሲቀርብ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉት። የቀለሙ አለመስማማት፣ እንግዲህ፣ የምርቱ ጉድለት እንጂ የቆዳችን ጉድለት አይደለም።

የሸክላ ማስክ፦ ከእንስራው የምንማረው

ለወዛም ቆዳ የሚሸጡት ማስኮች አብዛኞቹ ከሸክላ አፈር የተሠሩ ናቸው። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ መንደር የሸክላ ሥራ ለረጅም ዘመን የታወቀ ሙያ ነው። የሸክላ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ውኃው ወደ ውጭ እየሰረገ ስለሚተን ነው። ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በራሱ የሚሳብበት ይህ ኃይል የኩራዝን ክር ጋዝ የሚያስወጣው ኃይል ነው፤ የሸክላ ማስክም ወዝን የሚስበው በዚሁ ነው።

ኃይሉ ቀላል አይደለም። የወዝን የገጽ ውጥረት 0.03 ኒውተን በሜትር፣ የቀዳዳውን ሬዲየስ 1 ማይክሮ ሜትር ብንወስድ፣ የሚስበው ግፊት 60,000 ፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህም በጎንደር ካለው የአየር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነገር ግን ማስኩ ሲቀባ ቀዳዳዎቹ በውኃ የተሞሉ ናቸው፤ ወዙ የሚገባው ውኃው እየተነነ ቦታ ሲለቅ ነው። አንድ ጠብታ ወዝ ለመምጠጥ ወፍራም ማስክ አያስፈልግም፤ ስስ ሽፋን ይበቃል።

በማስክ ከሚገቡት የሸክላ ማዕድናት ሁለቱን እንጥቀስ። ካኦሊን ለስላሳና የማያብጥ ነው፤ በአገራችን በጉጂ ምድር ቦምቦዋ በሚባለው ቦታ የካኦሊን ክምችት አለ። ቤንቶናይት ደግሞ ስሜክታይት በተባለው ማዕድን የበለጸገ ነው። ስሜክታይት ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። የደምቢያን ሜዳ በክረምትና በበጋ ያየ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ዋልካ አፈር በክረምት የሚያጣብቀው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው በዚሁ ማዕድን ምክንያት ነው።

ማስክ ሲደርቅ ፊትን የሚያጣብበው ስሜትም ይኸው መኮማተር ነው። «የቆዳ ቀዳዳ ተዘጋ» የሚባለው ግን ስሕተት ነው፤ ቀዳዳዎቹ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ጡንቻ የላቸውም። ማስኩ እስኪሰነጠቅ ከተተወ ወዙን ብቻ ሳይሆን የቆዳውን ውኃም ይስባል፤ ያኔ ከወዝ ወደ አመድ ተሻገርን ማለት ነው። በተለይም የጎንደር አየር ደረቅ በሚሆንበት በበጋ ወራት ማስኩ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ 10 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ በለብታ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል። ከታጠበም በኋላ ዕጢዎቹ ሥራቸውን አያቆሙም፤ የማስኩ ውጤት በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

ከማሳና ከጓዳ የሚመጡ ማስኮች

«ሸክላ ሸክላ ከሆነ ከማሳችን ወስደን ለምን አንቀባም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የማሳ አፈር ያልታጠበ፣ ያልተጣራና ከተሕዋስያን ያልጸዳ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ዘር የሚኖረው በአፈር ውስጥ ነው። በተጨማሪም ረቂቅ የአፈር ቅንጣት ወደ ቆዳ ሊገባ እንደሚችል አገራችን ከባድ ማስረጃ አላት። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባካሄደው ጥናት፣ በደጋማው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚታየው የእግር ዝሆኔ ከአፈሩ የማዕድን ቅንጣቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አንድ ጊዜ ፊትን በጭቃ መቀባት ይህን በሽታ ያመጣል ማለታችን አይደለም፤ ቆዳ የማያሳልፍ ግድግዳ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ከጓዳ ከሚወሰዱት ውስጥ ይበልጥ የሚያሰጋው ሎሚ ነው። ኮምጣጣነቱ የቆዳን ተፈጥሯዊ ሚዛን ያዛባል። ከዚያም በላይ በሎሚ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ውሕዶች በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲነቁ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ።

የጎንደር ፀሐይና በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር፣ ጎንደር ላይ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ከ20 እስከ 25 በመቶ የበረታ ጨረር ይወርዳል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ በቀትር በአናታችን ላይ ታልፋለች።

በዚህ ምክንያት አንዳንዶች «15» ወይም «30» የሚል የፀሐይ መከላከያ ቁጥር የተጻፈበትን ፋውንዴሽን ገዝተው ይተማመናሉ። ቁጥሩ የተለካው ግን በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ለሙሉ ፊት ሲሰላ 0.7 ግራም ይሆናል፤ ይህን ያህል ፋውንዴሽን የሚቀባ ሰው ጥቂት ነው። በስሱ የተቀባ ፋውንዴሽን ስለዚህ የተጻፈውን ጥበቃ አይሰጥም፤ ባርኔጣ፣ ጥላና ራሱን የቻለ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ፋውንዴሽን ግን አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውን ብርሃን ከፊሉን ስለሚከለክል፣ ብጉር በጠይም ቆዳ ላይ ትቶት የሚሄደው ጥቁር ምልክት እንዳይባባስ ይረዳል።

እንዴት እንሞክር?

ሳይንሳዊ ሙከራ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። አንባብያን የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢጠቀሙ ገንዘባቸውንም ቆዳቸውንም ይጠብቃሉ።

አንደኛ፣ አዲስ ምርት ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት በክንድ የውስጥ ክፍል ላይ ጥቂት ተቀብቶ እስከ 48 ሰዓት ይታይ። መቅላት ወይም ማሳከክ ካለ ምርቱ ይቅር።

ሁለተኛ፣ የፋውንዴሽን ቀለም በእጅ ጀርባ ሳይሆን በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ይሞከር። በሱቁ አምፖል የተስማማ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ላይስማማ ስለሚችል ወደ ደጅ ወጥቶ መመልከት፣ ከዚያም አንድ ሰዓት ቆይቶ እንደገና ማየት ያሻል።

ሦስተኛ፣ ማስክም ሆነ ፋውንዴሽን በግማሽ ፊት ላይ ብቻ ይቀባ። ሌላው ግማሽ ማነጻጸሪያ ይሆናል፤ አየሩም ሙቀቱም ለሁለቱም እኩል ነውና። ከ3 ሰዓት በኋላ በሁለቱም ወገን ግንባር ላይ ስስ የሶፍት ወረቀት እኩል ጊዜ ተጭኖ ወደ መስኮት ብርሃን ይያዝ። ብርሃን የሚያሳልፈው የዘይት ነጠብጣብ በየትኛው ወገን እንደበዛ ዓይን ይፈርዳል።

አራተኛ፣ ፖላራይዝድ መነጽር ያለው ሰው ብልጭታውን ከቆዳው ቀለም መለየት ይችላል። ከወዝ ላይ በ56 ዲግሪ ገደማ የተንጸባረቀ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ስለሆነ፣ መነጽሩ በዝግታ ሲዞር ብልጭታው ሲጠፋ የቆዳው ቀለም ግን ይቀራል። የጠፋው ወዙ የፈጠረው ነው፤ የቀረው የቆዳው የራሱ መልክ ነው።

ማጠቃለያ

ፋውንዴሽን ብርሃንን ይበትናል፤ ማስክ አንዲት ጠብታ ወዝ ይመጣል። ሁለቱም ለሰዓታት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ዕጢን አይለውጡም። ከዚህ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ምርት ሲያጋጥም ግን መጠንቀቅ ግዴታ ነው። «ወዝን ለዘለዓለም ያጠፋል»፣ «ፊትን በሳምንት ያቀላል» እየተባሉ ከሚሸጡ ቅባቶች መካከል ሃይድሮኪኖን፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ የያዙ ይገኛሉ። ስቴሮይድ መጀመሪያ ፊትን ያሳመረ መስሎ በኋላ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርም ያመጣል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን መዋቢያዎች ከገበያ የማስወጣት ግዴታ አስቀምጧል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መዋቢያዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቅባት አለመግዛት፣ ብጉሩ የበረታበትም ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ይበጃል።

ወዝ ቆዳችንን የሚያለሰልስ የራሳችን ቅባት ነው። በ3 ሰዓት አንድ ጠብታ የማይሞላ ቅባት ያመጣውን ብልጭታ ለማጥፋት ቆዳን የሚያህል ነገር መክፈል አይገባም። ብልጭታው ሲበዛ በንጹሕ ሶፍት ጫን አድርጎ ማንሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።